ያልረጋ ደም

ላቀች የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። ወንድ ነበር። በስምንተኛው ቀን እንደ አገሩ ልማድ ገራዥ ተጠርቶ ገረዘው። የጠዋቱ ደም እስከ ማታ አልቆመም፤ በማግሥቱም አልቆመም። ጨርቅ ሲቀየር ዋለ፣ ሲቀየር አደረ። በአሥረኛው ቀን ሕፃኑ እንደ ሰም ነጥቶ ሞተ። አርባ ቀኑ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳይነሣ ስለሞተ ስም አልነበረውም፤ ፍትሐትም አልተፈታለትም። ባሏ ቄስ አወቀ፣ የደብሩን ሙታን ሁሉ በጸሎት የሚሸኙት ሰው፣ የገዛ ልጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ አንድ ወይራ ሥር፣ ምንም ሳይሉ ቀበሩት።

ከዚያ ፍቅርተ ተወለደች፤ ደህና አደገች። ላቀች ከስምንት ዓመት በኋላ እንደገና ስታረግዝ ልቧ ወንድ ነው አላት። ልትወልድ ስትቃረብ ንፋስ መውጫ እኅቷ ዘንድ ሄደች። እውነትም ወንድ ሆነ። ቄስ አወቀ በሰባተኛው ቀን አራስ ሊጠይቁ መጡ።

«ይህን ልጅ ምላጭ አይነካውም» አለቻቸው ገና ሳይቀመጡ።

ቄስ አወቀ የእጅ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። የላቀች እናት ሁለት ወንድሞች ነበሯት፤ አንዱ ሲገረዝ፣ አንዱ ጥርሱ ሲነቀል፣ ደም እየፈሰሳቸው ነው ያለቁት። ይህን ቄስ አወቀም ያውቃሉ።

«ሰው ቢጠይቀንስ?» አሉ።

«ንፋስ መውጫ ተገርዟል እንላለን።»

«እኔ ቄስ ነኝ ላቀች።»

«የሞተብንም ልጅ አባት ነበሩ።»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩበትም። ክርስትናውንም እዚያው ከተማ፣ ማንም በማያውቃቸው ደብር አስነሡት። አባቱ ኢዮብ አሉት።

ምላጭ ባይነካውም ደሙ አልተወውም። መዳህ ሲጀምር ጉልበቱ ላይ የጠቆረ እብጠት ይወጣበት ነበር። የወተት ጥርሱ ሲነቀል ሁለት ቀን ደማ። ትንሽ ከሮጠ ቁርጭምጭሚቱ ያብጥና ሳምንት ሙሉ በጀርባ ይታዘላል። የሰፈሩ ልጆች «እንቁላሉ» ይሉታል፤ ነክተው እንዳይሰብሩት እናቶቻቸው ስለሚያስጠነቅቋቸው ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላው በዐቢይ ጾም ምላሱን ነከሰና ሦስት ቀን ሙሉ ደም ሲተፋ ሰነበተ። ቄስ አወቀ በቅዳሴው የሚተካቸው አልነበረምና ላቀች ብቻዋን አዝላው ወጣች። እስከ ዋናው መንገድ አራት ሰዓት በእግር፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ድረስ።

እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ደሙን አስመርምሮ ጠራት።

«ሄሞፊሊያ ይባላል» አላት። «ሰው ሲቆረጥ ደሙ እንዲረጋ የሚያደርግ ነገር በደሙ ውስጥ አለ። የእሱ ደም ውስጥ ያ የለም። ሲወለድም አልነበረም።»

«ምን አድርጌ ነው?»

«ምንም አላደረጉም። በዘር ነው የሚተላለፈው። አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ።»

«ከእኔ ነው?»

«ጥፋተኛ አይደሉም።»

«ጥፋት አላልሁም። ከእኔ ነው ወይ ነው ያልሁት።»

ሐኪሙ ዓይኑን ሰበረ። «አዎ» አለ።

ለልጁ ከማቀዝቀዣ የወጣ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። ሰዓት ሳይሞላ የምላሱ ደም ቆመ። ላቀች በዓይኗ አየችው። ስም ያልነበረው ልጇን ሦስት ቀን ያፈሰሰው ደም፣ የአጎቶቿ ደም፣ እንዲህ በቀላሉ የሚቆም ነበር። መድኃኒቱን ወደ ቤት ልትወስደው ጠየቀች፤ ያለ ማቀዝቀዣ እንደሚበላሽ፣ ያለውም ጥቂት፣ በእርዳታ የሚመጣ እንደሆነ ነገሯት። የእንግሊዝኛና የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ሰጧት። «ጡንቻው ላይ መርፌ አይወጋ። ጭንቅላቱን ወይም ሆዱን ከተመታ ደም እስኪታይ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ውጡ» አላት ሐኪሙ።

ቤቷ ስትመለስ ለቄስ አወቀ «ደሙ ቀጭን ነው ብለዋል፤ ከጉዳት ይጠበቅ» ብቻ አለቻቸው። ወረቀቱን ከዳዊታቸው ጋር ሰቀለችው። ከእናት ይመጣል የሚለውን ግን ዋጠችው። እሳቸው የሚያነቡት ዳዊትና ግጻዌ እንጂ የሐኪም ወረቀት አልነበረም፤ አላነበቡትም።

ኢዮብ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላው ሌላ ትልቅ ነገር አላገኘውም። አባቱ ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አስጀመሩት። ብዙ ስለሚቀመጥ ከእኩዮቹ ቀደመ። ድምፁም ያማረ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ በደጅ ልጆች የገና ጨዋታ ሲጫወቱ እያየ፣ «እማየ፣ ትልቅ ስሆን ነው የምጫወተው?» ብሎ ጠይቋታል። «አዎ» ብላዋለች።

ታኅሣሥ ላይ የቄስ አወቀ ገብስ አውድማ ገባ። ያን ቀን ላቀች ከሁለት ጋራ ማዶ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ነበር። ኢዮብ ከአውድማው ዳር፣ ጭድ ክምር ላይ ተቀምጦ በሬዎቹ ሲዞሩ ያያል።

«አባየ፣ አንድ ዙር ብቻ ልንዳቸው» አለ።

ቄስ አወቀ አዩት። ሌላ ቀን ቢሆን እምቢ ይሉት ነበር። የዚያን ለት ግን ነፋሱ መልካም ነበር፣ እህሉም ጥሩ ነበር፣ ልጁም እንዲያ ብሎ ለምኗቸው አያውቅም። ጅራፉን ሰጡት። ኢዮብ አንዱን ዙር ሦስት አደረገው። የሚስቅበት ድምፅ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ የነበሩ ሰዎች። በአራተኛው ላይ፣ በዳር በኩል አዲስ የተጠመደ ወይፈን ደንብሮ ወጣና በደረቱ ገፋው። ልጁ ወደቀ። ወይፈኑ ሆዱን አንድ ጊዜ ረግጦት አለፈ።

ኢዮብ ራሱ ተነሥቶ ቆመ። ከንፈሩ በድንጋይ ተሰንጥቆ ደም ይወርዳል። ቄስ አወቀ በነጠላቸው ጫፍ አፉን ይዘው ተጫኑት፤ አጥብቀው፣ ሳያነሡ፣ እየጸለዩ ያዙት። ላቀች ተልኮባት እየሮጠች ስትደርስ ከንፈሩ መድማቱን ሊያቆም ምንም አልቀረው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመለት» አሏት።

ላቀች ከንፈሩን አላየችም። «ሆዱን ነክቶታል?»

«ረግጦት አልፏል። ግን ይኸው ቆሟል፤ ደህና ነው።»

ሸሚዙን ገልባ አየች። የሸኮና ቅርጽ ያለው ቀይ ምልክት እንጂ አንዲት ጠብታ ደም የለም።

«ቃሬዛ አምጡ» አለች።

«ምን ሆነና ላቀች?»

«ቃሬዛ አምጡ ነው የምለው።»

አራት ጎረቤቶች ተሸከሙት። ፍቅርተ ወረቀቱን ይዛ ከኋላ ተከተለች። ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሸንተረሩ ላይ ሲወጡ ነፋሱ እንደ ቢላ ይቆርጥ ነበር። ኢዮብ መጀመሪያ ከተሸካሚዎቹ ጋር ያወራ ነበር፤ ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ዝም አለ። ከዚያ «እማየ፣ በርዶኛል» አለ። ላቀች ጋቢዋን አለበሰችው፤ ቄስ አወቀም ካባቸውን ደረቡለት። ብርዱ ግን አልተወውም።

የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ፀደይ የምትባል የእስቴ ልጅ ናት፤ ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷ። ወረቀቱን ቆማ አነበበች። ከዚያ የልጁን ሆድ በመዳፏ ነካ አደረገች። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። የዓይኑን ሽፋን ገልባ አየች። የደም ግፊቱን ለካች፤ ደግማ ለካች።

«አባ» አለች ቄስ አወቀን፣ «ልጁ ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው።»

ከዚያ በኋላ እጆቿ አላረፉም። ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ አመጣች፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ አስሞልታ በብብቱና በጎኑ አደረገች። «የቀዘቀዘ ልጅ ደሙ ይበልጥ አይረጋም» አለች። በደም ሥሩ ቀጭን መርፌ አስገባችና ደም እንዲረጋ የሚያግዝ መድኃኒት ሰጠችው፤ ለወላዶች የተቀመጠ ነበር። ቀጥሎ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ውሃ ታንከሩ ጉብታ ሮጠች። ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ሮጠች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ጎንደር መድኃኒቱ አለ» አለች። «ሐኪሙ ያስታውሰዋል፣ ኢዮብን። አምቡላንሱ ግን አይመጣም። መንገዱ ላይ ከትናንት ጀምሮ ተኩስ አለ፤ ምንም መኪና አያልፍም።»

«በቃሬዛ እንወስደዋለን» አሉ ቄስ አወቀ።

«ሁለት ቀን ይፈጅብዎታል አባ።»

ሁለት ቀን እንደማይኖረው አልተናገረችም፤ ሁሉም ግን ሰሙት።

ቄስ አወቀ በጤና ጣቢያ ሰው በግሉኮስ ሲነሣ አይተዋል። «ግሉኮሱን አብዥለት ልጄ። ምን ትሰስቻለሽ?»

«ስስት አይደለም አባ። ውሃ ባበዛሁበት ቁጥር የቀረው ደሙ ይቀጥናል። የቀጠነ ደም ደግሞ ጭራሽ አይረጋም። የሚያስፈልገው ያ መድኃኒት ነው፤ ካልሆነ የሰው ደም።»

ቄስ አወቀ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸውን ዘረጉላት። «ይኸው። ሁሉንም ውሰጅው።»

«የምመረምርበትም፣ የምቀዳበት ከረጢትም የለኝም» አለች ፀደይ። «ብቻ እጅዎን እግሩ ላይ ያድርጉለት። እንዳይቀዘቅዝ።»

የተዘረጋ ክንዳቸውን ቀስ ብለው መለሱና የልጁን እግሮች ያዙ። በሌላው በኩል ፍቅርተ የወንድሟን እጆች በትንፋሿ ታሞቃለች።

«የሁላችን ደም ይረጋል» አሉ ቄስ አወቀ። «እኔ ማረሻ ስንት ጊዜ ቆርጦኛል። የእሱ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ፀደይ የምትጎዳው ሰው እንዳለ አላወቀችም። ሰው የጠየቀውን መመለስ ለምዳለች። «በዘር የሚመጣ ነው አባ። እናቶች ይሸከሙታል፤ እነሱን አያማቸውም፤ ወንዶች ልጆቻቸውን ነው የሚይዘው። ሴት ልጆቻቸውም እንደ እናታቸው ሊሸከሙት...» ቀና ስትል ፍቅርተን አየች። አቋረጠች።

ቄስ አወቀ ወደ ላቀች ዞሩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጎንደር ከሄድሁ ጀምሮ። ሁለት ዓመት።»

«ሆዱን ከተመታ ደም ባይታይም እንደሚሞት ታውቂ ነበር?»

«ተነግሮኛል።»

«ለእኔ ግን አልነገርሽኝም።»

«የሆዱን ብነግርዎ የዘሩም ነገር ይከተላል ብዬ» አለች ላቀች። «ከማን እንደመጣ ሳልናገር እንዴት እነግርዎታለሁ? ቤቱን የምገድለው እኔ መሆኔን ሰምተው አብረውኝ ይኖራሉ አላልሁም።»

የቄስ አወቀ ድምፅ ዝቅ አለ። «እኔ ከንፈሩን ይዤ ደሙ ቆመ ብዬ አመሰግን ነበር» አሉ።

ኢዮብ ዓይኑን ገለጠ። አባቱን ፈለጋቸው።

«አባየ፣ ሦስት ዙር ነድቻለሁ አይደል?»

«ሦስት ዙር ነድተሃል።»

«ወይፈኑን እንዳትመቱት። ደንግጦ ነው።»

«አንመታውም።»

ፀደይ እንደገና ወደ ጉብታው ሄዳ ሐኪሙን ጠየቀች። ሐኪሙ የምታደርገውን ሁሉ በትክክል እያደረገች እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚጨመር እንደሌለ ነገራት። ተመልሳ ስትመጣ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሙቅ ውሃውን ቀየረች፤ መድኃኒቱን ደገመችለት። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የልጁ ትንፋሽ ፈጠነ፤ ከንፈሩ ላይ የረጋው ደም እንደገና ሟሙቶ መውረድ ጀመረ፤ መርፌው ከገባበትም ይንጠባጠብ ነበር። አንዴ ውሃ ጠየቀ፤ ላቀች በጥጥ ከንፈሩን አራሰችለት። አሥር ሰዓት ገደማ ሞተ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

በማግሥቱ ቀበሩት። ኢዮብ ክርስቲያን ነበርና ስሙ ተጠርቶ ፍትሐት ተፈታለት፤ ከቅጥር ውስጥ ተቀበረ። ነገር ግን አስከሬኑን ያጠቡት ካህናት ያዩትን አይተዋል። ከቀብር በኋላ ሹክሹክታው ደጀ ሰላሙን ሞላ፦ የቄሱ ልጅ አልተገረዘም። በሦስተኛው ቀን የደብሩ መሪጌታ ተክለ ማርያም፣ ቄስ አወቀን ከልጅነታቸው ያስተማሩ ሽማግሌ፣ ለብቻቸው አስጠሯቸው።

«እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው የኔታ። ዋሽቻለሁ። የመጀመሪያውን ስንገርዘው ሞተብን። ይኸኛውን ፈራን። ቅጣቴን ይንገሩኝ።»

መሪጌታ ተክለ ማርያም በጭራቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ቆዩ። «ግዝረት የአገር ልማድ ነው እንጂ ያላደረገው ሰው ኃጢአተኛ ነው የሚል ሕግ በመጽሐፍ የለም» አሉ። «ጳውሎስ ምን እንዳለ እያነበብህ ነው ያደግኸው። የመጀመሪያው በተወለደ ለት፣ በሚስቴ ዘር እንዲህ ያለ ነገር አለ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ተወው እልህ ነበር።»

ቄስ አወቀ መሬት መሬት እያዩ «የሚጠየቅ ነገር መሆኑን አላወቅሁም የኔታ» አሉ።

ቤት ሲመለሱ የተባሉትን ለላቀች ነገሯት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አላነሡትም። አልተቆጧትም፤ የገዛ እጃቸው ጅራፉን ለልጁ ሰጥቷልና መቆጣት አልቻሉም። እሷም አልወቀሰቻቸውም። ግን ከዚያ በፊት ማታ ማታ ስለ ዋለው ሥራ ይጫወቱ የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ አሁን አንዱ ሲገባ ሌላው የሚሠራው ነገር ይፈልግ ጀመር።

ፍቅርተ በዚያ ዓመት አሥራ ስምንት ሆኗታል። እዚያው አቅራቢያ፣ ወገዳ ላይ ሱቅ ያለው አዲስዓለም የሚባል ልጅ አጭቷት ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ለኢዮብ ለቅሶም መጥቶ አልቅሷል። ሠርጉ በኀዘኑ ምክንያት ለመጪው ዓመት ተላልፏል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ፍቅርተ ለማንም ሳትናገር ጤና ጣቢያው ሄደች። ፀደይን «እኔም እሸከመው እንደሆነ የሚታወቅበት ምርመራ አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እዚህ የለም» አለች ፀደይ። «ጎንደርም መኖሩን እንጃ። አዲስ አበባ ምናልባት።»

«ዕድሌ ምን ያህል ነው?»

«ግማሽ በግማሽ ነው።»

«ከተሸከምሁስ?»

«ከወለድሻቸው ወንዶች እያንዳንዱ ግማሽ ዕድል አለው። ግን ፍቅርተ፣ ከተማ ብትኖሪ፣ መድኃኒቱ ካለበት አጠገብ...»

«አዲስዓለም ሱቁ ወገዳ ነው» አለች ፍቅርተ። አመስግና ወጣች።

በሳምንቱ የአዲስዓለም ሽማግሌዎች መጡ። ሁለት ነበሩ። አንቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። ልጁ እምቢ አላለም፣ ቤተሰቡ ግን እጮኝነቱ ይፍረስ ብሏል አሉ። «ልጃችሁ ራሷ ነግራናለች። ስለ ሐቀኝነቷ እግዚአብሔር ያክብራት» ብለው ሄዱ።

ላቀች ፍቅርተን ጓሮ ሽንኩርት ስትኮተኩት አገኘቻት።

«ሄደሽ ነገርሻቸው?»

«ለእናቱ ነው የነገርኋት።»

«ገና የማይታወቅ ነገር። ላይኖርብሽ ይችላል እኮ።»

«ሊኖርብኝም ይችላል።»

«ምነው እኔን ብታማክሪኝ።»

ፍቅርተ መኮትኮቷን አልተወችም። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ባማክርሽ ዝም በይ ትይኛለሽ እማየ» አለች።

ላቀች መልስ ፈለገች። ከፍርሃት እንጂ ከክፋት እንዳልነበረ፣ ብትናገርም መንገዱ እንደማይከፈት፣ መድኃኒቱም እንደማይቀርብ ልትነግራት አሰበች። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ግን ቄስ አወቀ ያን ቀን ቢያውቁ ኖሮ ጅራፉን ለኢዮብ አይሰጡትም ነበር፤ ይህም እውነት ነው፤ ፍቅርተም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ጎንበስ ብላ ከልጇ አጠገብ አረም መንቀል ጀመረች።